የማይላጥ ፊት

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ኅዳር 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበሺር ኑርሁሴን፤

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ሰነበትክ? ኮምቦልቻ ከመውረድህ በፊት ጠረጴዛው ላይ ለተውክልኝ ወረቀት መልስ ሳልጽፍ ቆየሁና ይቅር በለኝ። የጠየቅከኝን ልመልስ። የሒሳብ ፈተናው መካከለኛ ነበር። የፎቶ ወረቀቱ ከአዲስ አበባ ገና አልመጣም። የእማዬ ጥርስ ተሽሏታል፤ በቀኝ በኩል ማኘክ ጀምራለች። የጨለማ ክፍሉን በር አጎታችን አብዱልወሀብ አስተካክለውታል፤ አሁን ብርሃን አያሳልፍም።

እንድጽፍልህ ያዘዘችኝ እማዬ ናት። «ሞላልኝ መሞቱን በሺር ከመንገደኛ አፍ ሳይሰማ ቶሎ ጻፍለት፤ በቀስታ አድርገህ ጻፈው» አለችኝ። አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ታያለች። መሠረተ ትምህርት ስሟን ከመጻፍ በላይ ስላላስተማራት የምጽፈውን አታውቅም።

ሞላልኝ አልሞተም። የሞትከው አንተ ነህ።

 

ባለፈው ሳምንት የቀበሌያችን ጸሐፊ ፎቶ ቤታችን መጣ። ኮፍያውን አወለቀ። «ዘይኑ፣ በርታ እንግዲህ» አለኝ። «ደጋን አጠገብ የጭነት መኪና ተገልብጦ ሞላልኝ በላቸው ሞቷል። መታወቂያው ከኪሱ ተገኝቷል። እዚያው ቀብረውታል።»  በዋዜማው ከአዲስ አበባ የተጻፈ የሞላልኝ ደብዳቤ ደርሶኝ መሳቢያው ውስጥ ነበር። ከኮምቦልቻ አልፈህ ደጋን የሄድከው አንተ ነህ። የራስህን መታወቂያ እቤት ትተህ የሞላልኝን ስም በኪስህ ይዘህ የሄድከው አንተ ነህ። ጸሐፊው ኮፍያውን መልሶ ሳያደርግ ነው ያወቅሁት።

በየቢሮው ስትናገር በቃሌ ይዤዋለሁ። «ጓዶች፣ ዛሬ በየኪሳችሁ ያለው መታወቂያ ፊቱ በሙጫ የተለጠፈ ነው። የሚፈላ ማንቆርቆሪያ አፍ ላይ ብትይዙት ይላጣል። የአንዱ ፊት ወጥቶ የሌላው ይገባል። የእኛ ድርጅት ግን ፊቱንም ጽሑፉንም በአንድ ወረቀት ላይ አብሮ ያትማል። እንኩ፣ ላጡት።» ከዚያ ናሙናውን ወርወር ታደርግላቸዋለህ። ፊቱ የአንተ፣ ስሙ ሞላልኝ በላቸው። «እኔ በሺር ነኝ፤ ስሙ ውሸት ነው። እስቲ አስተካክሉት» ትላለህ። በጥፍር ይፍቁታል፣ በምራቅ ያርሱታል። «አያችሁ» ትላለህ፣ «እውነቱን እንኳ ማስገባት አይቻልም።» ይስቃሉ። ሞላልኝም የራሱ ፊት ያለበትንና በአንተ ስም የተጻፈውን ይዞ አዲስ አበባ ሄደ። ሁለቱን ካርዶች ያተማችሁ ቀን ምሳ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ስትሳሳቁ ነበር።

ከአጎታችን ጋር ደጋን ወረድን። እማዬን የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው አልናት። ደጋን እስላሙ ይበዛል። ከጭነቱ ላይ ወድቀው ከሞቱት ውስጥ ወረቀት ያልተገኘባቸውን አጥበው፣ ከፍነው፣ ሰግደውባቸው ቀብረዋቸዋል። አንተን ብቻ ከመካከል አወጡህ። «ይህ የክርስቲያን ልጅ ነው፤ በወጉ ይቀበር» ብለው በቃሬዛ ተሸክመው ዳገት ላይ ላለችው ቤተ ክርስቲያን ካህናት አስረከቡህ። የተሸከሙህ እስላሞቹ ናቸው። አክስታችን ጣይባ ያን ሰሞን ደጋን አልነበረችም፤ ብትኖር ፊትህን ታውቀው ነበር። አንዱ ሽማግሌ «በጣም ነው ያለቀስንለት፤ አገሩ ሩቅ መስሎን» አሉን። አጎታችን «አላህ ይስጣችሁ» አሏቸው። 

የደጋን ቀበሌ ሊቀመንበር ካርዱን አሳየን። ፊትህ ትንሽ ጭቃ ነክቶታል እንጂ ደህና ነው። «ይህ ወንድሜ በሺር ነው» አልኩት። «እኔ የማነበው ሞላልኝ ነው» አለ። «ናሙና ነው» አልኩት። «ናሙና ማለት ምንድን ነው? ማኅተም አለው። በጥፍሬም ሞክሬዋለሁ፤ አይላጥም። የውሸት ቢሆን ይላጥ ነበር።» አጎታችን ለመኑት። በመጨረሻ እንዲህ አለ፤ «ሞላልኝ የሚባለው በሕይወት ካለ መጥቶ እፊቴ ይቁም። ያን ጊዜ መቃብሩ ይከፈትና ልጃችሁን ትወስዳላችሁ። በአንድ ተማሪ ቃል የክርስቲያን መካነ መቃብር አላስቆፍርም።»

እማዬ ገና አታውቅም። አጎታችን መርዶው በወጉ እስኪነገር ዝም በል ብለውኛል። እሷ ግን ለሞላልኝ ድንኳን ይተከል ብላ ግቢያችን ውስጥ ለቅሶ ተቀምጣለች። ተከራያችን ቢሆንም ከልጅ አላሳነስነውም ትላለች። የሞላልኝ አክስት እታታ ፀሐይነሽም ከቦሩ ሜዳ መጥተው አብረዋት ያለቅሳሉ። አሁን እማዬ «አልጨረስክም?» አለችኝ። «በሺር ሲሰማ ምን ይሆን?» አለችኝ።

ጨርሻለሁ።

ዘይኑልአቢዲን



አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት
ኅዳር 13 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለጓዴ ለበሺር፤

ጤና ይስጥልኝ። መልስህ ሲዘገይ ተቀየምክ ብዬ ነው ይህን በላይ በላይ የምጽፈው። ወረቀቱን እንደ ገዛሁ እልክልሃለሁ፤ ያለው ሳጥን ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ግራጫ ያወጣል። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ለነገ፣ ለከነገ ወዲያ ይለኛል። ዛሬ ያነጋገረኝ ኃላፊ ካርዱን በጥርሱ ነክሶ አየው። በጥርስ እንዳልሞከርነው ትዝ አለኝ። አልተበላሸም።

አንድ ነገር ልንገርህና ሳቅ። አልጋ ቤቱ ውስጥ የእንግዳ መዝገብ የሚይዘው ሰውዬ መታወቂያ ሲለኝ ኪሴ ገብቼ ሳላይ ናሙናውን አውጥቼ ሰጠሁት። እሱ ጽፎ ጨረሰ። ስለዚህ እነሆ ካለፈው ሰኞ ወዲህ በሺር ኑርሁሴን ነኝ። ትናንት የጾም ምግብ ሳዝዝ ሴትየዋ «እስላም አይደለህ እንዴ?» አለችኝ። «ሥጋ አልወድም» አልኳት። ለእናትህ ለእትዬ ሐዋ ይህን እንዳትነግራቸው።

ስለ ዘመቻው የጻፍክልኝን አይቻለሁ። ስሜ ለሚቀጥለው ዙር መውጣቱን ካንተ መስማቴ ይሻላል። አንተ ዕድሜህ አልፏል፣ ዘይኑ ገና ነው፣ መካከል ላይ የተገኘሁት እኔ ነኝ። «እዚያው ቅር» ማለትህ ግን አላማረኝም። ብቀር እታታ ፀሐይነሽን ያጉላላሉ። ሥራውን ጨርሼ እመጣለሁ። ከዚያ የወደዱትን ያድርጉ።

ይህን አልጋ ቤቱ እተወዋለሁ፤ ሰይድ ሾፌሩ ከዚያ ወስዶ ያደርስልሃል። በእሱ መልስ ላክ። ስንፍናህን ለእግዜር ሰጥቻለሁ።

ሞላልኝ



ደሴ
ኅዳር 17 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለጋሽ ሞላልኝ፤

ለጤናህ እንደምን ነህ? በሺር ትንሽ ስላልተመቸው በእሱ ፋንታ የምጽፍልህ እኔ ነኝ፤ ለዘገየሁበትም ይቅርታ። ደብዳቤህ ደርሷል። ሰይድ ለማንም ሳይሰጥ በእጄ አስረክቦኛል።

በፊተኛው ደብዳቤህ የጠየቅከውን የፎቶ ማጠቢያ ጨው መጠን በደብተሩ አይቼ በሌላ ወረቀት ጽፌልሃለሁ። ማጉያው ደህና ነው፤ አምፖሉ ተቀይሯል። ሱቁ ተዘግቶ የሰነበተው በሥራ መብዛት ነው።

አጎቴ አብዱልወሀብ አንተ ካልቆምክበት የማያልቅ ጉዳይ ደጋን ላይ አለ ይሉሃል። ሲመችህ ቀጥታ ደጋን ውረድ፤ እዚያ አክስቴ ጣይባ ቤት እንጠብቅሃለን። ከዚያ በፊት ደሴ አትውጣ። ምክንያቱን በቃል ይነግሩሃል። እንዳትጨነቅ።

እማዬ ትስምሃለች።

ዘይኑልአቢዲን



አዲስ አበባ
ኅዳር 23 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘይኑ፤

ሰይድ ደብዳቤህን በእጄ አልሰጠኝም። ፖስታው ላይ በሺር ስለሚል እሱን ሲጠብቅ እኔን አየና መኪናው ጎማ ላይ አስቀምጦ ወደ ኋላ አለ። «ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«አንተ ማን ነህ?» አለኝ።

«ሞላልኝ ነኛ።»

«ሞላልኝ ተቀብሯል። ለቅሶው ላይ ተቀምጬ ንፍሮ በልቻለሁ።»

«ብዙ በላህ?» አልኩት። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እያማተበ... ሰይድ አያማትብም፤ «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» እያለ ነው ወደ ኋላ የሄደው። እጄን ይዤ ትኩስነቴን እስካሳየው ድረስ አልቆመልኝም። ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። ደጋን፣ መኪናው፣ ከኪስ የተገኘው መታወቂያ። እታታ ፀሐይነሽ ጥቁር መልበሳቸውን። ቀበሌው «ሟች» ብሎ ስሜን ከዘማቾች ዝርዝር መሰረዙን።

ደብዳቤህን የከፈትኩት ከዚያ በኋላ ነው። «ትንሽ ስላልተመቸው» ትላለህ። ዘይኑ፣ እኔም የወሎ ልጅ ነኝ። በሕይወት ያለ ሰው ጉንፋን ያዘው ይባላል፣ ወባ ጣለው ይባላል። ትንሽ አልተመቸውም የሚባለው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ያንን ካርድ ይዞት የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

 ሁለት ቀን ከአልጋ አልተነሳሁም። ባለ አልጋ ቤቷ በሩን እያንኳኳች «በሺር፣ አሞሃል?» ትለኛለች።

እመጣለሁ። ሊቀመንበሩ ፊት እቆማለሁ፤ መቃብሩ ይከፈታል፤ ወንድምህን በወጉ ትቀብሩታላችሁ። ከሊቀመንበሩ ቢሮ ስወጣ በር ላይ እንደሚይዙኝ አልጠፋኝም። የሞተ አይዘምትም፤ የተነሳ ግን ይዘምታል። ይህን ለእትዬ ሐዋ እንዳትነግራቸው። የመጣሁትን ከተሰናዳ በኋላ ይስሙት።

የያዝኩት ገንዘብ መኪና እስካገኝ ይበቃኛል። ከታኅሣሥ ሚካኤል በፊት ደጋን ነኝ። ንገረኝ፣ እሳቸው መርዶውን ሰምተዋል?

ሞላልኝ



ደሴ
ታኅሣሥ 1 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለጋሽ ሞላልኝ፤

ሰምታለች። አጎቴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር የንጋቱን ሱብሒ ሰግደው እንደወጡ መጡ። እማዬ በሩን ከፍታ ሦስቱን ባንድ ላይ ስታይ «ማንን?» ብቻ አለች። አጎቴ «በሺርን» አሉ። «ሞላልኝን ያላችሁኝስ?» አለች። «እሱ አለ» አሏት። እማዬ የበሩን ጠርዝ እንደያዘች ቁጭ አለች። አልጮኸችም። መጮህ የማትችል መሆኑን ማንም ሳይነግራት የገባት ይመስለኛል፤ ጎረቤቱ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሟች ብቻ ነው።

እታታ ፀሐይነሽ ያን ቀን መጡ። እማዬ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ የሆነ ነገር ሹክ አለቻቸው። እሳቸው ያን ጊዜ ደረታቸውን እየመቱ ከመጀመሪያው ቀን የበለጠ ጮኹ። ሴቶቹ «ምነው እታታ፣ ይበቃል እንጂ» እያሉ ያዟቸው። አንተ መኖርህን የሰሙት በዚያች ሰዓት ነው። በጀመሩት ለቅሶ እማዬም አብራ አለቀሰች፤ እሷ ያለቀሰችው ለበሺር ነው። ሰዉ ሐዋ ለክርስቲያን ልጅ እንዲህ ታለቅሳለች ብሎ እስከ ገበያ ድረስ አወራ።

እንዳልነግራት ያልከኝን ነገርኳት። አትቆጣኝ። እማዬ በማግሥቱ «ልጄን አምጡልኝ፤ ሞላልኝ ይምጣና ይቁም» ስትል፣ አጎቴም «እሺ» ሲሉ፣ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ቢመጣ ይወስዱታል» አልኳት።

«የት?»

«ሰሜን።»

«የመርየም ልጅ ከዚያ ተመልሷል?»

«አልተመለሰም።»

«የዚያኛው፣ የግንበኛው ልጅስ?»

«ወረቀት ነው የመጣላቸው።»

ከዚያ እስከ ከሰዓቱ የዐሱር ሰላት ድረስ ሽንኩርት ላጠች። የላጠችውን መልሳ አጠበች። አጎቴ ሊሄዱ ሲነሱ «ተቀመጥ» አለቻቸው።

«አንዱን ከመሬት ላወጣ ብዬ አንዱን ወደ መሬት አልሰድም። ጻፍለት፣ አይምጣ።»

አጎቴ ደነገጡ። «ሐዋ፣ ልጁ አልታጠበም፣ አልተሰገደበትም፣ ፊቱ ወደ ቂብላ ይሁን አይሁን አናውቅም» አሉ።

«አላህ በየት በኩል እንደተኛ ያጣዋል?» አለቻቸው።

አጎቴ ቢያንስ ይሰገድበት አሉ። እሳቸው፣ እኔና አንድ የሚታመኑ ሽማግሌ ጓዳ ውስጥ በር ዘግተን የሩቅ ሟች ሰላት ሰገድን። ስሙን ቀስ ብለው ነው የጠሩት።

ስለዚህ አትምጣ። እኔም የምልህ ይህንኑ ነው። እውነቱን ከፈለግህ እኔ በመጀመሪያ እንድትመጣ ፈልጌ ነበር። ደጋን ላይ ያ ሰውዬ ካርዱን ሲያሳየኝ፣ ሞላልኝ ይምጣና ይቁም፣ ከዚያ የመጣው ይምጣ ብዬ ነበር በልቤ። ያ ፊተኛው ደብዳቤዬ ደጋን ና ስለሚል እንዳይያዝብህ ቅደደው።

ዘይኑልአቢዲን



አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘይኑ፤

ጓዜን አስሬ ነበር። ሰይድ ደብዳቤህን ሰጥቶኝ «አልጭንህም፤ እናትየዋ አስምላኛለች» አለኝ። ሌላ መኪና ፈልጌ ተርሚናል ሄድኩ። እዚያ ቆሜ ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩ። ሽንኩርቱ ላይ ስደርስ ተመለስኩ።

እንግዲህ የምጠይቃቸውን ለእትዬ ሐዋ ቃል በቃል አንብብላቸው። አንድ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ። ሰዎቹ ስሜን ሲጠይቁኝ አልጋ ቤቱ የሚያውቀውን ስም ተናገርኩ። ሌላ ስም የለኝማ፤ የራሴን ብናገር የሞተ ሰው ነኝ። «በሺር» ብለው ሲጠሩኝ ግን ቶሎ አቤት አልልም። ደንቆሮ ነህ እንዴ ይሉኛል። እማማ፣ የልጅዎን ስም ሳያስፈቅድዎ የሚጠራበት ሰው ሌባ ነው። እሺ ካሉኝ እኖርበታለሁ። እንቢ ካሉኝ አንድም ቃል አልመልስም፤ በመጀመሪያው መኪና ደጋን እወርዳለሁ።

ሥራውን በተመለከተ፣ ያ በጥርሱ የነከሰው ኃላፊ ድርጅታችን ናሙናውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ፈቅዷል። ሳቄ መጣ። ማን አቅራቢ ብዬ ልፈርም?

ሞላልኝ



ደሴ
ታኅሣሥ 15 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበሺር፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህን የሚያደርስልህ ሰው የለኝም፤ ሰይድም ወዳለህበት አይሄድም። ቢሆንም የሰነበተውን ልንገርህ።

የሞላልኝን ደብዳቤ ለእማዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ሦስተኛ ጊዜ አንብብ አለችኝና ሳልጀምር በቃህ አለችኝ። ከዚያ መልሱን እንዲህ ብላ አስጻፈችኝ፤ «ስሙን ይያዘው። ነገር ግን በልጄ ስም አረቄ ቤት እንዳይገባ። ራሱንም ይጠብቅ።» ሞላልኝ ምን እንደሚመልስ አላውቅም። አረቄውን ለመተው ጥቂት ሳይከብደው አይቀርም።

ልታነጋግረው የሄድከው የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራውን ሊሰጠን ተስማምቷል። ወረቀቱ የመጣው በአንተ ስም ነው። ሌላም ትእዛዝ አለ። የደጋኑ ሊቀመንበር ለቀበሌው ነዋሪዎች «እንደ ሟቹ ያለ መታወቂያ» እንድንሠራለት በሰው ልኳል። በጣም እንደወደደው ሰውየው ነገረኝ። ለሁለቱም አልመለስኩም። እንዴት እንደምመልስ የምጠይቀው ሰው ሁለት ነበር፤ አንዱ አንተ ነህ፣ ሌላው ደግሞ አንተን ሆኖ ከተማ ተቀምጧል።

እታታ ፀሐይነሽ በዐርባው ቀን የሞላልኝን ተዝካር እዚያችው ደጋን ያለችው ቤተ ክርስቲያን አወጡ። ካላወጡ ሰዉ ይጠረጥራል። እማዬ እሄዳለሁ አለች። አጎታችን ሊከለክሏት ፈልገው ነበር፤ ፊቷን ሲያዩ ተዉት። ሦስታችን በሰይድ መኪና ወረድን፤ እማዬና እታታ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ጭነቱ ላይ። መኪናው የተገለበጠበትን ቦታ ሰይድ ሊያሳየኝ በመስኮት እጁን አወጣ፣ ከዚያ መልሶ አስገባው።

የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ስንደርስ እማዬ ቆመች። ሻሿን አጥብቃ አሰረች። አንድ ቄስ መጥተው አለባበሷን አዩና «እናቴ፣ እርስዎ የማን ነዎት?» አሏት።

«የሟች እናት ነኝ» አለች።

እታታ ፀሐይነሽ ከኋላዋ ነበሩ። ቄሱ ወደ እሳቸው ዞሩ፤ እናቱ የሞተችበት ልጅ መሆኑን ከእሳቸው ሰምተው ነበር። እታታ «እሷ ናት ያሳደገችው» አሉ። ቄሱ ከመንገዱ ገለል ብለው «ይግቡ» አሏት። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

መቃብርህ ዝግባ ሥር ነው። ድንጋይ ደርድረውበታል። ከእንጨት የተሠራ መስቀል አለው፣ ላዩ ላይ ሞላልኝ ተብሎ በቀለም ተጽፏል፤ የ«ላ» እግር ላይ ቀለሙ ወርዷል። እማዬ አፈሩን በእጇ ነካች። ፀሐይ ወዴት እንደምትገባ ጠየቀችኝ፤ አሳየኋት። ቂብላው የት ጋ እንደሆነ አሰበች መሰለኝ። ከዚያ አጠገብህ፣ በአንተ ጎን ሳይሆን በእግርህ በኩል ተቀምጣ በሹክሹክታ ቁርአን ቀራች። ካህናቱ በወዲያ በኩል የእነሱን ያደርሱ ነበር። ማንም ማንንም ዝም በል አላለም። እኔ አለቅሳለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የጫማዬን ክር ፈትቼ አሰርኩ።

ወደ ደሴ ለመመለስ ስንነሳ እማዬ «አልመጣም» አለች። አክስታችን ጣይባ ቤት ልትሆን ነው። የጣይባ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ለሚያይ ያቺ ዝግባ ትታያለች። «አንተ ትምህርትህ አለ፤ ሂድ» አለችኝ። «እስከ መቼ?» አልኳት። «ልጄን ከእንግዳ አገር ብቻውን ትቼ?» አለችኝ። ሌላውን ልጅሽንስ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ሰይድ ሞተሩን አስነስቶ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ ብቻዬን ያደርኩበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። የከሰዓት ፈረቃ ስለሆንኩ ጠዋቱ ረጅም ነው። ተነሳሁ። ውዱእ አድርጌ ሰገድኩ። የእማዬን መደብ አነጠፍኩ፤ ቀድሞም የተነጠፈ ነበር። ዳቦ ነበረ፣ በላሁ። የሞላልኝን ክፍል ቁልፍ ከግድግዳው አንስቼ ምን ላደርግበት እንደሆነ ስላላወቅሁ መልሼ ሰቀልኩት። ከዚያ ወርጄ ፎቶ ቤቱን ከፈትኩ።

ከገጠር የመጡ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቆመው ነበር። እህል ለመቀበል መታወቂያ አምጡ ተብለው ፎቶ ፈልገው ነው። ጥምጥማቸውን አስተካከልኩላቸው፤ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። ወደ ግራ ዞር አሉ፣ መለስኳቸው። ዕድሜያቸውን ስጠይቃቸው «አንተ ገምተህ ጻፍ፤ ዓይን አለህ» አሉኝ። አገጫቸውን ቀና አደረግሁት። «አሁን ትንፋሽዎን ይያዙ» አልኳቸውና ካሜራው ኋላ ገባሁ።

አነሳኋቸው። ፊልሙን አዞርኩ። ከዚያ ካሜራውን እንደያዝኩ ቆምኩ፤ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። መንገድ ላይ ጋሪ አለፈ።

«ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ፊታቸው ጠቁሮ፣ «ልተንፍስ?»

«ይተንፍሱ» አልኳቸው።

ዘይኑልአቢዲን